የፍጥረት መስማማትና የደካሞች ነገር

በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች ደጋግሞ የሚቀርብላቸው ጥያቄ አለ። የሥነ ሕይወት መምህሩ ፍጥረታት በትውልድ ብዛት ከአካባቢያቸው ጋር እየተስማሙ እንደ መጡ ያስረዳሉ፤ ተማሪውም እሑድ መጥቶ «የትኛውን ልመን?» ይላል። ለዚህ መልስ መስጠት ብዙም አያስቸግርም። ር.ሊ.ጳ. ጲዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 «ሁማኒ ጄኔሪስ» በተሰኘው መልእክታቸው፥ ሊቃውንት ስለ ሰው ሥጋ አመጣጥ ቢመረምሩ እንደማይከለከሉ፥ ነፍስ ግን በቀጥታ በእግዚአብሔር እንደምትፈጠር አስተምረዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1996 ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ በጻፉት መልእክት፥ የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ከመላ ምት ያለፈ መሆኑን ገልጸዋል። የባሕርያት ውርስ ሕግስ ቢሆን የተገኘው በገዳም አትክልት ውስጥ፥ አውግስጢኖሳዊው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል አተር ሲዘራ አይደለምን?

እኛን የሚያሳስበን ሌላው፥ ተማሪው ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። እርሱን ለማየት ከአገራችን ምሳሌ እንነሣ።

በስሜን ተራሮች፥ አምባራስ በተባለው ስፍራ፥ 3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም ተመራማሪዎች መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። በዚያ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። ከቆላ ወጥቶ በዚያ የሚሰነብት እንግዳ የደሙ ሄሞግሎቢን ይጨምራል፤ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነባር ነዋሪዎችም ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። የአምባራስ ሰዎች ግን የሄሞግሎቢናቸው መጠን በባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ሳለ፥ ደማቸው ኦክሲጅን እምብዛም አልጎደለውም። በእውነት የሚያስደንቅ ነው።

እንዲህ ያለው መስማማት እንዴት ይመጣል? አባት በዳገቱ እየተነፈሰ ሳንባውን ስላሰፋ ልጁ ያንን የወረሰ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ የአንጥረኛ ልጅ ክንዱ ጠንክሮ አይወለድም። ልጆች ሲወለዱ በትንሽ በትንሹ ይለያያሉ፥ ከልዩነቱም የሚወረስ አለ። ለስፍራው የሚመቸውን ይዞ የተወለደ በሕይወት አድጎ ብዙ ይወልዳል፤ ያልያዘው ጥቂት ይወልዳል ወይም ሳይወልድ ይሞታል። በከፍታ ቦታ ደግሞ የአየሩ መሳሳት አብዝቶ የሚጎዳው ነፍሰ ጡሮችንና ጨቅላዎችን ነው፤ ሕፃናቱም ክብደታቸው አንሶ ይወለዳሉ። እንግዲህ «መስማማት» የምንለው ለስላሳ ቃል ሳያድጉ የተቀበሩ ሕፃናትን በውስጡ ይዟል። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ ፈጣሪ ይህን መንገድ ከፈቀደ፥ የደካማው መጥፋት ሕጉ ነውን?

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በአንዱ ፍጥረት ላይ የሚደርሰው ጉድለት ለጠቅላላው በጎነት እንደሚውል፥ እንስሳት ባይገደሉ አንበሳ እንደማይኖር ጽፏል። ስለ አንበሳ ይህ ይበቃናል። ልጇን ለቀበረች እናት ግን ይህን መንገር ጭካኔ ነው፤ ቶማስም ለእርሷ አልጻፈውም። እርሱ ራሱ በሌላ ስፍራ፥ ሌሎች እንስሳት ለዝርያቸው ሲባል እንደሚጠበቁ፥ አእምሮ ያለው ፍጥረት ግን እያንዳንዱ ስለ ራሱ በእግዚአብሔር እንደሚጠበቅ ለይቶ አስተምሯል። ሞቶ የቀረው የደጋ ሕፃን ለዝርያው መሻሻል የተከፈለ ዋጋ አይደለም። በስሙ የሚታወቅ ነው።

ይህን ልዩነት መዘንጋት ምን እንደሚያስከትል ታይቷል። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው ሕግ በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለባቸው የተባሉትን በግድ አመከነ፤ ከ1939 ጀምሮ ደግሞ የአእምሮ ሕሙማንና አካለ ስንኩላን ተገደሉ። ተፈጥሮ ደካማውን ታስወግዳለችና እኛም እናግዛት የሚል ክርክር ነበር። ር.ሊ.ጳ. ጲዮስ 11ኛ አስቀድመው በ1930 እንዲህ ያለውን ማምከን አውግዘዋል፤ የሙንስተሩ ጳጳስ ክሌሜንስ ፎን ጋለንም በ1941 ግድያውን በስብከታቸው በግልጽ ተቃውመዋል። የተሳሳተው የሥነ ሕይወት ትምህርቱ አልነበረም፤ ከሆነው ነገር ተነሥቶ «መሆን ያለበት ይህ ነው» ማለቱ ነበር።

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። በእኛም መንደሮች መራመድ የማይችል ልጅ እንግዳ ሲመጣ በጓዳ ይደበቃል፤ ሌሎቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሲላኩ «እርሱ ምን ያደርግለታል?» ይባላል። ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁትን ልጆች ስም የምትጽፉ መምህራን፥ በየቤቱ ስትዞሩ ስሙ ያልተነገራችሁ ልጅ እንዳለ ጠይቁ። በእግሩ መምጣት ካልቻለ ትምህርቱን ወደ እርሱ ውሰዱለት፤ በቍርባኑም ዕለት የሠፈሩ ጐልማሶች ተሸክመው ያምጡት።