የማዕዱ ትራፊ ለማን ነው?



ልጆቻችንን ከማዕድ በፊት እንዲጸልዩ፣ ከበሉም በኋላ እንዲያመሰግኑ እናስተምራለን። መሶቡ ከተነሣ በኋላ ግን በድስቱ ሥር የቀረው ወጥ፣ በትሪው ጠርዝ የተረፈው እንጀራ ወዴት እንደሚሄድ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። በዚህ ጽሑፍ ይህን ትንሽ የሚመስል ጥያቄ ልናነሣ ወደድን። ሰው ስለ ባልንጀራው በልቡ የሚያስበው ነገር ከግብዣው ሰዓት ይልቅ ከግብዣው በኋላ ይበልጥ ይገለጣልና።

ለሐሳቡ መነሻ የሆነን አንድ የምርቃት ድግስ ነው። እንግዶቹ ሲሸኙ የየሳሕኑ ትራፊ በአንድ ባልዲ ተጠራቀመ። እኩሌታው በግቢው ለታሰረው ውሻ ተገለበጠለት፤ እኩሌታው ከበር ውጭ ቆመው ሲጠባበቁ ለነበሩ ነዳያን ተሰጠ። ከማለዳ ጀምራ በጓዳ ስትደክም የዋለችው የቤት ሠራተኛም ከሳሕኖቹ የተመለሰውን ቆማ ቀመሰች። በዚያ ቤት ክፉ ያሰበ አልነበረም፤ ደጋሾቹም ቸርነታቸው የታወቀ ሰዎች ናቸው። እኛም ከተጋባዦቹ መካከል ሳለን አንዳች ቃል አልተናገርንም። ወደየቤታችን ስንመለስ ግን አንድ ነገር ከነከነን፤ ለውሻውና ለሰዎቹ የተቀዳው ከአንድ ባልዲ ነበር።

በመጀመሪያ ትራፊን ራሱን ከነቀፋ ነጻ ልናወጣው ይገባል። እንጀራ ሊጡ ከእርሾው ጋር ሁለት ሦስት ቀን ተብላልቶ የሚጋገር የብዙ ድካም ፍሬ ስለ ሆነ፣ እናቶቻችን እንዲሁ ሲጣል ማየት አይወዱም። የትናንቱ እንጀራ በሽንኩርት፣ በዘይትና በበርበሬ ቁሌት ሲታሽ ለቁርስ ፍርፍር ይሆናል፤ ከወጥ ጋር ሲዋሐድ ፍትፍት ይሆናል፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ድርቆሽ ሆኖ ለወራት ይቀመጣል፣ ለመንገደኛም ስንቅ ይሆናል። የጠላው አተላ እንኳ ለከብት ይሰጣል። ደግሞም ከሕመም ስናገግም ወይም ከኀዘን ስንመለስ ብዙዎቻችን የምንናፍቀው የድግሱን ጥብስና ክትፎ አይደለም፤ እናታችን ከትናንት እንጀራ ሠርታ በማለዳ ያቀረበችልንን ትኩስ ፍርፍር ነው። ያ ምግብ በትራፊነቱ አላስነወረንም፤ የተሠራልን በፍቅር ነበርና።

ወንጌላዊው ዮሐንስም ጌታችን ብዙ ሕዝብ ከመገበ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዳይጠፋ ማዘዙን፣ ከዚያም ዐሥራ ሁለት መሶብ መሙላቱን ይተርክልናል። ተአምር የሠራ ጌታ ስለ ፍርፋሪ መጨነቁ ያስደንቃል። እኛ ግን አባካኞች ሆነናል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ያህል ምግብ በየቤቱ፣ በየምግብ ቤቱና በየመደብሩ እንደ ባከነ፣ ከዚህም 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤቶች እንደ ወጣ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2013 ባሰሙት ትምህርት፣ ምግብን መጣል ከድኻው ማዕድ እንደ መስረቅ እንደሚቆጠር አሳስበው ነበር።

እንግዲህ ትራፊ መስጠት ነውር ካልሆነ ከባልዲው ጋር የተጣላነው ስለምንድን ነው? በከተሞቻችን ከሆቴሎችና ከትላልቅ ማእድ ቤቶች ተለቃቅሞ ለችግረኞች በርካሽ የሚሸጥ፣ «ቡሌ» የሚባል ድብልቅ ትራፊ እንዳለ ሁላችን እናውቃለን። አንዳንዶች «የራበው ሰው አይመርጥም፤ አግኝቶ ከበላ ምን አስጨነቃችሁ?» ይሉናል። እውነት ነው፤ የራበው ሰው አይመርጥም። ነገር ግን ኃላፊነቱን በሰጪው ላይ የሚያከብደው ይኸው ነው። እምቢ ማለት የሚችል ሰው ክብሩን ራሱ ይጠብቃል፤ እምቢ ማለት የማይችለውን ሰው ክብር መጠበቅ ያለብን እኛ ነን። የተሰጠውን ሁሉ በምስጋና መቀበሉ አሰጣጣችንን ቅን አያደርገውም።

መለኪያው አስቸጋሪ አይደለም። ማታ እኛው ራሳችን አሙቀን የምንበላው ከሆነ፣ በንጹሕ ሳሕን አድርገን ለባልንጀራችን እንስጠው፤ ያ ማዕድን መካፈል ነው። እኛ የማንቀምሰው፣ የሌላ እጅ የነካካው ወይም የሻገተ ከሆነ ግን «ምጽዋት» ብለን አንጥራው። ጓዳን ማጽዳትና ምጽዋት መስጠት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የቤት ሠራተኛችን ምግብ ደግሞ ከምጽዋትም የተለየ ነው፤ የድካሟ ዋጋ፣ የፍትሕ ዕዳ ነውና ከተመላሽ ሳሕን ሊከፈል አይገባም።

ወደ ውሻው እንመለስ። «ለሰው ያልተረፈ ለውሻ ምን ተዳው?» የሚል አለ። እኛ ግን እንስሳውም የራሱ ድርሻ አለው እንላለን። ያሰርነው እኛ ነን፤ ወጥቶ ምግቡን እንዳይፈልግ የከለከልነውም እኛ ነን። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቤታችንን ጠብቆ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረታት እንደ ሆኑና ቸርነት እንደሚገባቸው ያስተምራል፤ ያለ ምክንያት ማሠቃየታቸውንም የሰውን ክብር የሚቃረን ሲል ያወግዘዋል። በዚያው ክፍል ግን የሰዎችን ችግር ለማቃለል መዋል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማፍሰስ ተገቢ እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል። ሁለቱን ቃላት አብረን መያዝ አለብን።

ለእንስሳ መራራት ዕውቀትም ይፈልጋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ስለዚህ «ውሻ ምን ያውቃል» ብለን የምንገለብጥለት የወጥ ትራፊ ቀስ በቀስ ሊያሳምመው ይችላል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮውን ወይም አንጀቱን ይወጋል። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት፤ ሽሮና እንጀራ ብቻ አይበቃትም። እኛ በዐቢይ ጾም ከሥጋ ስንከለከል እርስዋ ጾም የለባትምና፣ በእኛ ትሩፋት እርስዋ እንዳትራብ ማሰብ ይገባል። በበዓል ቀን በግ ስናርድም ውሃ የቋጠረ ከረጢት የታየበትን ሳንባና ጉበት በጥሬው ለውሻ አንጣል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ተውሳክ በውሻው አንጀት አድጎ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በልጆቻችን እጅ በኩል ወደ ማዕዳችን ይመለሳል። በንቀት የወረወርነው ነገር ከደጃችን ርቆ አይሄድም።

ታዲያ የሰውና የእንስሳ ድርሻ ሲጋጭ ማን ይቅደም? ያለ ጥርጥር ሰው ይቅደም። የጎረቤት ልጅ ጦሙን እያደረ ለውሻ ሙዳ ሥጋ የሚገዛ ቤት ሥርዓቱ ተዛብቷል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ግጭቱን የፈጠርነው እኛው ነን። የድኻውን ድርሻ እስክንጠግብ ድረስ ስለምናቆየው፣ ድኻውና ውሻው በአንድ ትራፊ ላይ ይገናኛሉ። የድኻው ድርሻ መሶቡ ሲቀርብ ከላዩ ቢነሣ፣ የእንስሳውም ከሽንኩርቱና ከበርበሬው በፊት ለብቻው ቢቀመጥ፣ ሁለቱ ባልተጋፉ ነበር። በሉቃስ ወንጌል የተነገረለትን አልዓዛርን እናስታውስ። ከባለጸጋው ማዕድ የሚወድቀውን ፍርፋሪ ሲመኝ በደጁ ተኝቶ ነበር፤ ውሾች እንኳ ቀርበው ቍስሉን ሲልሱ፣ ባለጸጋው ግን አልቀረበም። ከነናዊቷ ሴትም ከማዕድ ስለሚወድቅ ፍርፋሪ በትሕትና ብትናገር፣ ጌታችን የሰጣት ፍርፋሪ አልነበረም፤ የለመነችውን ሁሉ ፈጸመላት።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ልጆቹን «ትናንት ከማዕዳችሁ የተረፈው ወዴት ሄደ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልካም ነው። ስለ ፍትሕ፣ ስለ ምጽዋትና ስለ ፍጥረት ለማስተማር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝምና። ልጆች የሚያዩትን ይናገራሉ፤ መልሳቸው እኛን ወላጆችን ቢያሳፍረንም እንስማው።

እኛም በዚያ ድግስ ዝም በማለታችን ከወቀሳው ነጻ አይደለንም። ደጋሾቹን ለመንቀፍ አልጻፍንም፤ በየቤታችን ያን ባልዲ የሚመስል ዕቃ አለና። በሚመጣው ድግስ ቢያንስ ሦስት ነገር እናድርግ፤ የነዳያኑ ምግብ ከእንግዶቹ ጋር ከአንድ ድስት ይውጣ፤ በጓዳ የደከመችው እኅታችን ተቀምጣ ትብላ፤ ውሻውም ከዚያ በኋላ የማይጎዳው በራሱ ዕቃ ይሰጠው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገን ጥቂት ተጨማሪ ሳሕንና ጥቂት ተጨማሪ ሐሳብ ብቻ ነው።