እንግዳው ታዛቢ

በሁለት ጎረቤታሞች መካከል የድንበር ክርክር ሲነሣ፤ የቦረና ሽማግሌዎች ስለ ምስክሩ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ ይኸውም፤ አይቷልን? በነገሩስ ይጠቀማልን? የሚል ነው። ምርጫ ሊታዘብ የሚመጣ የውጭ አገር ሰውም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን የሚገባው ይመስለናል።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት በግንቦት 1997 ዓ.ም. በተደረገው የፓርላማ ምርጫ የአውሮፓ ኅብረትና የካርተር ማዕከል ታዛቢዎች ተገኝተው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን የአውሮፓ ኅብረት ስለ መገናኛ መሣሪያዎቹና ስለ ሥራ ነጻነቱ ሳይስማማ ስለ ቀረ፤ የአፍሪካ ኅብረት ቡድን ታዘበ። ያን ጊዜ እንግዳን ማስታዘብ ክብርን ይነካል ያሉ ነበሩ፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም፤ ሽማግሌም ቢሆን ከሌላ አጥቢያ ይጠራልና።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። እንግዳው በነገሩ አይጠቀም ይሆናል፤ ዳሩ ግን አላየም። ከደሴ ተነሥቶ መካነ ሰላም ቢደርስ እንኳ፤ በአስተርጓሚ ጠይቆ፤ ጥቂት ጣቢያ ጎብኝቶ ይመለሳል። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ቀበሌ የሚያየው ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ደግሞ በማግሥቱ ድምፅ ከቆጠረውም ካስቆጠረውም ጋር በአንድ ገበያ ይውላል። እንግዲህ ያየው ዝም ሲል፤ ያላየው መግለጫ ያወጣል፤ ያውም በእንግሊዝኛ።

እንግዳው ይምጣ። ነገር ግን ከሄደ በኋላ ያ ገበሬ ያየውን ተናግሮ በሰላም ማደሩን ተመልሶ የሚጠይቅ ታዛቢ እስካሁን አልሰማንም።