መመርመር ማለት መጠርጠር ነውን?

በአገራችን ከፍ ያለ ክብር ከሚሰጣቸው ጠባዮች አንዱ ሰውን ማመን ነው። የሰውን ቃል ሰምቶ የሚቀበል ቅን ይባላል፤ ነገሩን ሁሉ እየገለጠ የሚያይ ግን ልቡ ያልጠራ ተጠራጣሪ ተብሎ ይታማል። እንግዲህ ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርበው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሰውን ቃል ከሰሙ በኋላ ንብረቱን መመርመር ሰውየውን መጠርጠር ነውን? ወይስ መመርመር ራሱ የመተማመን አንዱ ክፍል ነው?

ወደዚህ ጥያቄ የመራን የአንድ ወዳጃችን ችግር ነው። ይህ ወዳጃችን በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በተመረቀው በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ሥራው የተሰፋውን ሸሚዝ ገልብጦ ማየት፥ ስፌቱ የዘለለበትንና ቁልፉ የላላበትን ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር በዕቁብ ባገኙት ገንዘብ ያገለገለች የሞተር ጀልባ ገዝተው በዝዋይ ሐይቅ ላይ፥ ከባቱ ከተማ ወደ ቱሉ ጉዶና ወደ ሌሎቹ ደሴቶች፥ ሰውና ዕቃ ለማመላለስ ዐሰቡ። እኛም አብረናቸው እንድንሄድ ስለ ለመኑን፥ ከአዳማ ተነሥተን ሞጆንና መቂን አልፈን ባቱ ደረስን።

ጀልባይቱ የብረት ናት፤ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ በሐይቁ ዳር ታስራ አገኘናት። ባለቤቷ ሽማግሌ የወዳጃችን አባት የቅርብ ባልንጀራ የነበሩ ናቸው። «ልጄ፥ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኋት፤ አንድም ቀን አሳፍራኝ አታውቅም» አሉት። ወዳጃችንም ወደ ጎን ሳብ አድርጎን፥ «ባለሙያ ይያትልን ብል አባባ ያዝኑብኛል፤ አባቴስ ቢሰማ ምን ይለኛል? ገንዘቡን ከፍለን ብንሄድ ይሻላል» አለን።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከመፍረዳችን በፊት የያዘውን እውነት ማየት ይገባናል። ጎረቤት ከጎረቤቱ በቃል ብቻ የሚበዳደርበት፥ ዕቁብተኛው ገንዘቡን ያለ ፊርማ የሚያስረክብበት ኑሮ ታላቅ ሀብት ነው። ለእያንዳንዱ ነገር ጠበቃና መርማሪ የሚያስፈልገው ሕዝብ ምንም ባለጠጋ ቢሆን በአንድ ወገን ድኻ ነው። ስለዚህ የወዳጃችን ይሉኝታ ከመልካም ሥር የበቀለ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከመልካም ሥር የበቀለ ሁሉ መልካም ፍሬ አያፈራም።

እኛም እንዲህ ስንል ጠየቅነው፤ «በፋብሪካው ውስጥ ሸሚዙን ገልብጠህ ስታይ ሰፊዪቱ ሰደብኸኝ ብላ ታለቅሳለችን?» «ከቶ አታለቅስም፤ የምመረምረው ስፌቱን ነው እንጂ እርሷን አይደለም» ብሎ መለሰልን። በውኑ ስፌቱ የዘለለ ሸሚዝ የሚለብሰውን ሰው ቢያሳፍረው ነው፤ ሆዱ የተበሳ ጀልባ ግን ሰውን ያሰጥማል። ለትንሹ ነገር ያላፈርን ለትልቁ የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው? አባቶቻችንም በሬ ሲገዙ አፉን ከፍተው ጥርሱን ይቈጥሩ ነበር፤ በቅሎም ሲገዙ ሳይጋልቡ ዋጋ አይቈርጡም ነበር። ሻጩም ይህን እንደ ወግ ያየዋል እንጂ እንደ ስድብ አይቈጥረውም ነበር።

ያገለገለ ጀልባ ምርመራ ምን እንደሆነ በአጭሩ እንግለጥ። ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ሆዱ ይታያል፤ ብረት እንደሆነ በትንሽ መዶሻ እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ ዝገት የበላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣልና። ሞተሩ ሳይሞቅ፥ ገና በማለዳ እንዲነሣ ይደረጋል፤ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ቢገኝ ውኃ ገብቶበታል፤ ጢሱ ሰማያዊ ቢሆን ዘይት ይበላል። በመጨረሻም ጀልባው ጭነቱን ይዞ በሐይቁ ላይ ተነድቶ ሙቀቱና መሪው ይፈተናሉ። አዲስ ቀለም ለዓይን ደስ ቢያሰኝም ለመርማሪ የመጀመሪያው የጥያቄ ምልክት ነው።

የእንግሊዙ የሒሳብ ሊቅ ዊልያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ እምነት ግብረ ገብነት በጻፈው ድርሰት አንድ የመርከብ ባለቤት በምሳሌ ያቀርባል። ሰውየው መርከቡ ማርጀቷንና መታደስ የሚያስፈልጋት መሆኑን እየጠረጠረ፥ ስንት ጊዜ በደኅና ተመልሳለች ብሎ ልቡን አረጋግቶ ስደተኞችን ጭኖ ሰደዳት፤ መርከቢቱም በባሕር መካከል ሰጠመች። ክሊፎርድ ይህ ሰው በደለኛ ነው ይላል፤ መርከቢቱ በደኅና ደርሳ ቢሆን ኖሮም በደሉ አይቀንስም ነበር ይላል። ጥፋቱ ሳይመረምር ማመኑ ነውና። ይህን ለወዳጃችን ስንነግረው ዝም አለ። የይሉኝታው ዋጋ ከእርሱ ኪስ ብቻ የሚከፈል መስሎት ነበር፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ልጇን አዝላ ወደ ገበያ የምትሻገር እናትና ሌሎች መንገደኞች ናቸው። ይህን የማድረግ ሥልጣን ማን ሰጠን?

ሻጭስ ምን ግዴታ አለበት? የሮማው ሊቅ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለልጁ በጻፈው መጽሐፍ የሁለት ፈላስፎችን ክርክር ያነሣል። አንድ ሰው ጉድለቱን እርሱ ብቻ የሚያውቀውን ቤት ሲሸጥ መናገር ይገባዋልን? ዲዮጌንስ ሕግ ካላስገደደው ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ሲል፥ አንቲጳጥሮስ የሚያውቀውን ሁሉ መንገር አለበት ይላል። ሲሴሮም ለትርፍ ሲሉ መደበቅ የቅን ሰው ሥራ አይደለም ብሎ ፈረደ። የአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዳዩን በሁለት ወገን ይመለከተዋል፤ ሻጩ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ይሆናል፤ ገዢውም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት።

መርማሪው ከሻጩ ጋር ጥቅም የሌለው፥ ዋጋውንም ከገዢው የሚቀበል ሰው ሊሆን ይገባል። በለንደን ከተማ በኤድዋርድ ሎይድ ስም በሚጠራው ቡና ቤት ይሰበሰቡ የነበሩ የመርከብ ንግድ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1760 ማኅበር አቁመው መርከቦችን እያስመረመሩ ደረጃቸውን በመዝገብ ያወጡ ጀመር። ይህም መዝገብ የማይተዋወቁ ሰዎች እንኳ ተማምነው እንዲነግዱ ረዳ።

ወደ ባቱ እንመለስ። ወዳጃችን እንደምንም አፉን ፈትቶ፥ «አባባ፥ ቅር አይበልዎ፤ ሰው የምንጭንባት ስለሆነች መካኒክ ይያትልን» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «እኔም ስገዛት ይህን ለማለት አፍሬ ነበር» አሉ። በሳምንቱ ከአዳማ የመጣው መካኒክ ጀልባይቱን ከውኃ አስወጥቶ ሲመረምር፥ ከሞተሩ ሥር የተጠራቀመው ውኃ ብረቱን እንደ ወረቀት አሳስቶት አገኘ። መዶሻውን ጠንከር ቢያደርገው ይበሳ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ፤ ከሁለት ቀን በፊት የልጅ ልጆቻቸውን አሳፍረውባት ነበርና።

ሽማግሌው አልዋሹም፤ ያላዩትን አላወቁም እንጂ። የሻጭ ሐቀኝነት ስለ ሰውየው ልብ ይመሰክራል፤ ስለ ጀልባይቱ ሆድ ግን ሊመሰክር አይችልም። በዚያ ቀን ምርመራው ከገዢው ይልቅ የጠቀመው ሻጩን ነው። ብረቱ ተቈርጦ በአዲስ እስኪበየድ ድረስ ሽያጩ ቆየ፤ የብየዳውን ወጪ ሁለቱ ወገኖች ተካፈሉት፤ ወዳጅነታቸውም አልተቈረጠም።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። መመርመር ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ሰው ሁሉ፥ ቅን ሰውም ቢሆን፥ የማያየው ነገር እንዳለ ማወቅ ነው። መዝገብ የሚፈርም ሹም፥ የተማሪውን ወረቀት የሚያርም መምህር፥ ከመምህሩ የሰማውን በመጽሐፍ የሚያመሳክር ተማሪ ሁሉ ይህን ያስብ። ይሉኝታ ይዞን ዝም ባልን ጊዜ፥ በዝምታችን ላይ የሚሳፈሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አስቀድመን እንጠይቅ።