የእጅ ባለሙያው ርስት



በአንበሳሜም ሆነ በደብረ ታቦር በገበያ ቀን ወደ ሸክላ ተራ ስንሄድ እናቶች በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡትን ምጣድ፣ ጀበናና እንስራ ደርድረው ገዢ ሲጠብቁ እናያለን። ገዢው ምጣዱን አንኳኩቶ ይመረምራል፤ ዋጋ ያስቀንሳል፤ ይዞም ይሄዳል። በዚያ ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ ከሠሪዋ ጋር በአንድ መሶብ የሚቆርስ ግን ስንቱ ነው?

ሐዋርያው ያዕቆብ (2፥1-9) በጉባኤ መካከል ለባለጠጋው የክብር ስፍራ ሰጥተው ድሃውን የሚያሳንሱትን ይገሥጻል። በእኛ ዘንድ አድልዎ የሚደረገው ልብስ አይቶ ብቻ ሳይሆን የዘር ሐረግ ቆጥሮም ነው። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያልን ከማዕድና ከጋብቻ አርቀናል። ይህም ስድብ ብቻ ሳይሆን የሀብት አጥር ነበር። በደጋው አገር ሀብት ማለት መሬት ነበርና፤ መሬትም በርስት ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ርስት ያልነበረው፣ ከባለርስት ቤትም እንዳያገባ የተከለከለ ቤተ ሰብ ለልጁ የሚያወርሰው መዶሻና ወናፍ ብቻ ሆነ። በጎንደር የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም ርስት ተነፍገው በቀጥቃጭነት፣ በሸክላና በሽመና የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። የ1967 ዓ.ም. አዋጅም የገጠር መሬትን የሕዝብ በማድረግ የርስትን ሥርዓት ሻረ። ነገር ግን የዘመናት ጉድለት በአንድ ቀን አይሞላም፤ ልማድም ከሕግ በኋላ ይኖራል።

የክፉ ቀን ሲመጣ ይህ ጉድለት ይገለጣል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት መንገድንና ገበያን አወከ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ጉዳቱ ሁሉን ነካ፤ ነገር ግን እኩል አልነካም። ባለመሬቱ ቢቸግረው ከጎተራው ይቀንሳል፤ በሬውን ይሸጣል፤ ወይም መሬቱን በእኩል ይሰጣል። ቀጥቃጩ ግን እህሉንም ብረቱንም የሚገዛው ከገበያ ነው፤ ገበሬው ማረሻ መግዛቱን ለከርሞ ሲያቆየው ደግሞ የቀጥቃጩ እሳት ይጠፋል።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የኢኮኖሚ ውድቀት በደረሰበት ዘመን፣ ከ2005 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ የጥቁሮች ቤተ ሰብ መካከለኛ ሀብት በ53 በመቶ ሲቀንስ የነጮቹ በ16 በመቶ ቀንሷል። አባቶቻቸው እንዳያፈሩ የተከለከሉ ልጆች በክፉ ቀን የሚደገፉበት አጡ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ ነው (ዘጸ. 31)። መጽሐፈ ሲራክም (ምዕ. 38) ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ባይኖሩ ከተማ እንደማትቆም ያስተምራል። ጌታችንም ራሱ ጠራቢ ተብሎ ተንቋል (ማር. 6፥3)። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት የሥራ ክብር የሚለካው በሥራው ዓይነት ሳይሆን በሠሪው ሰውነት መሆኑን አስረድተዋል። እኛ ግን በጋፋት የተሠራውን የሴባስቶፖልን መድፍ በኩራት እየተረክን የቀጥቃጩን ልጅ ለልጃችን አናጭም።

በቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ተሰጣጥተን፣ ከአንድ ቅዱስ ቁርባን ተካፍለን፣ በደጅ ግን የምንለያይ ከሆነ በደሉ የሌሎች ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን «ቡዳ» የሚለው ቃል በሕፃናት አፍ እንዳያድግ አስተምሩ። ምእመናን በዕቁባችሁና በዕድራችሁ ለባለሙያው ቤተ ሰብ ስፍራ ስጡ፤ በችግሩ ምክንያት ዋጋውን አታርክሱበት። ሸክላ ሠሪዋን ለልጁ የክርስትና እናት እንድትሆን የለመነ ከመካከላችን ማን ነው? ከዚያ ብንጀምር መልካም ነው፤ ዝምድና የሌለው ሰው በክፉ ቀን የሚጠራው ስም የለውምና።

ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የወሰደውን ሊመልስ ተነሣ (ሉቃ. 19)። እኛም የነፈግነውን ወንድምነት እንመልስ።

ሰላመ ክርስቶስ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።