ቆጣሪውን የሚያስር ቆጠራ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ዓባይ በዚያ ሥፍራ በተራሮች መካከል የሚወርድ ወንዝ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ግን ወንዙ ሐይቅ ሆኗል፤ 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ፣ ወደ ኋላ 246 ኪሎ ሜትር ያህል የሚተኛ ሐይቅ። ስሙም ንጋት ተባለ። ስለ ኤሌክትሪኩ፣ ስለ ውኃው ድርሻ፣ ስለ ግብፅና ስለ ሱዳን ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ተገቢ ነው። በውኃው ውስጥ ስላለው ሕይወት የተባለው ግን ጥቂት ነው። ሰው በእጁ በሠራው ሐይቅ ውስጥ የሚኖሩትን ዓሦች የመቁጠር ግዴታ አለበት ወይ? ጥያቄው ለባለሙያ ብቻ የሚተው የመረብና የመዝገብ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ባይ ነኝ፤ መልሴም አዎን ነው፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ።

ጣናን ማንም አልቆፈረውም። በጣና ዳር የሚኖር ሰው በሐይቁ ውስጥ ያለውን ባያውቅ፣ ሐይቁ ከእርሱ በፊት እንደነበረ ጠቅሶ ሊከራከር ይችላል። የንጋት ነገር ይለያል። የመጀመሪያው ሙሌት በሐምሌ 2012 ዓ.ም. እስኪጀመር ድረስ በዚያ ሸለቆ የኖሩት ዓሦች የወራጅ ውኃ ዓሦች ናቸው። ከጢስ ዓባይ በታች ያለው ዓባይ በዓሣው ዘር ከጣና ይልቅ ለሱዳኑ ናይል ይቀርባል፤ ፏፏቴውን ዓሣ ሊወጣው ስለማይችል የላይኛውና የታችኛው ከጥንት ተለያይተው ኖረዋል። አሁን ደግሞ 145 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ በሱዳን ካለው ከሮዛሪስ በኩል ሽቅብ የሚመጣውን ዓሣ መንገድ ዘግቷል። ከግድቡ በላይ የቀረው ዓሣ ፍሰት ለምዶ ሳለ የረጋ ውኃ ገጠመው። የሰመጠው ዛፍና ሣር ሲበሰብስ በሥር ያለውን ኦክስጅን ስለሚጨርስ ጥልቁ ውኃ ለአብዛኛው ዓሣ መኖሪያ አይሆንም። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ወንዱ ጎጆ ቆፍሮ የሚራባው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የረጋ ውኃ ይመቸዋል፤ ነገር ግን ተርባይኖቹ ውኃ በሳቡ መጠን ዳርቻው ይሸሸዋል። ይህን ሁሉ ያደረግነው እኛ ነን። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዟል። በሬውን ለመግደል አላሰበም፤ በሬው ማለፉንም አላየም። ተጠያቂ የሆነው ስለቆፈረ ነው። የእስልምና ሊቃውንትም በሕዝብ መንገድ ላይ ጉድጓድ የቆፈረን ሰው በተመሳሳይ መንገድ ተጠያቂ ያደርጉታል። ሁለቱም ሕጎች የሚሉት፣ የሰው እጅ ምድርን ከለወጠ በኋላ «አላየሁም» ማለት ከዕዳ እንደማያድን ነው። እንግዲህ ንጋትን የሠራ ሕዝብ ውስጡን ማየት አለበት፤ ዓሣን ማየት ደግሞ በቆጠራ እንጂ በዓይን አይቻልም።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። ዳዊት ቆጠረ፣ ሕዝቡም ተቀሠፈ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 24 እንደተጻፈው፣ ኢዮአብ ተው እያለው ንጉሡ ቆጠራውን አስፈጸመ፤ መዓቱ በወረደ ጊዜም ሰባ ሺህ ሰው ሞተ። ከዚህ ተነሥቶ የፍጥረትን ብዛት ማወቅ የፈጣሪ ድርሻ ነው፣ ሰው ሲቆጥር ትዕቢት ይሆንበታል የሚል አማኝ አለ። ተቃውሞውን ማቃለል አልፈልግም፤ በውስጡ እውነት አለ። ሆኖም ያው መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ኦሪት ዘኁልቍ ብሎ ሰይሟል፤ እዚያ ቆጠራውን ያዘዘው እግዚአብሔር ነው። ልዩነቱ ከቁጥሩ አይመጣም። ዳዊት የቆጠረው ሰይፍ የሚመዝዙትን ነው፤ ማወቅ የፈለገው ምን ያህል ኃይል እንዳለው ነበር። ቁጥሩ ከፍ ቢል ይኩራራ ነበር፤ ዝቅ ቢል ግን አንዳች ነገር እንዲተው አያስገድደውም። በዘጸአት ምዕራፍ 30 ደግሞ ሕዝብ ሲቆጠር መቅሠፍት እንዳይሆን እያንዳንዱ ስለ ነፍሱ ቤዛ እንዲሰጥ ተደንግጓል። ያ ቆጠራ ክፍያ አለው፤ ሕዝቡን ለቆጣሪው አሳልፎ አይሰጥም። ስለዚህ ቆጠራ የሚጸድቀው ቆጣሪውን ሲያስር ነው እላለሁ። ውጤቱ «አቁም» ሊለኝ የማይችል ከሆነ፣ የቆጠርኩት የራሴን ጉልበት ነው። ከላይ ያልኩት ቅድመ ሁኔታ ይኸው ነው።

ይህ ቅድመ ሁኔታ በንጋት ላይ በጽኑ የሚፈተነው አሁን፣ ሐይቁ ገና በልጅነቱ ሳለ ነው። አዲስ ሐይቅ ያታልላል። ውኃው ለም አፈርና ቅጠል ሲሸፍን በውስጡ የነበረው ምግብ ይለቀቃል፤ ረቂቃን ዕፅዋት ይበዛሉ፣ እነርሱን የሚበላው ይበዛል፣ ዓሣውም በጥቂት ዓመታት ይትረፈረፋል። ከዚያ የተጠራቀመው ስንቅ ያልቅና ምርቱ ይወርዳል። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ያለው የካሪባ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1958 መጨረሻ ተዘግቶ ውኃው ሲሞላ ዓሣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዛ፣ ብዙም ሳይቆይ አሽቆለቆለ። ከአስዋን ግድብ ኋላ ባለው የናስር ሐይቅ የሚሠገረው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ 34 ሺህ ቶን ደርሶ ከዚያ ወረደ፤ በዚያም ለወንዝ የተፈጠሩት ዝርያዎች ቦታቸውን ለቆሮሶ ዘመዶች ለቀዋል። ጉባ ላይም ሆነ ሲርባ ዓባይ ላይ ዛሬ መረብ የሚጥል ወጣት የሚያየው ሙሉ መረብ ይህን አይነግረውም። በሱረቱል አዕራፍ በባሕር ዳርቻ ስለነበረች ከተማ የተነገረውን በአሶሳ ያሉ ሙስሊም ወገኖቻችን ያውቁታል። በሰንበት ማሥገር ለተከለከሉት ሰዎች ዓሣው ጎልቶ የሚመጣላቸው በዚያው በተከለከለው ቀን ነበር፤ በሌላው ቀን አይመጣም፤ መብዛቱ ራሱ ፈተና ነበር። እኛ ስለ ረሃብ ፈተና ብዙ እንሰብካለን፣ ስለ መትረፍረፍ ፈተና ግን እምብዛም አናነሳም። የመትረፍረፍን ፈተና ደግሞ ያለ ቆጠራ ማወቅ አይቻልም፤ መረቡ መሙላቱን የሚያይ ዓይን በመረቡ ውስጥ ያለው ዓሣ ከዓመት ወደ ዓመት ማነሱን፣ ዕንቁላል ሳይጥል መያዙን፣ አንዱ ዝርያ ጨርሶ መጥፋቱን አያይም።

የቅርቡ ምስክር ጣና ነው። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በሳይንስ ሲመረመር ከደርዘን በላይ የሆኑ፣ ብዙዎቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች መሆናቸው ታወቀ። ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ መረብ ጥለው ስለመዘገቡ ነበር ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጥሉ የነጭ ዓሣው ሀብት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ያወቁት። ከምክንያቶቹ አንዱ ግልጽ ነበር፦ በክረምት ዕንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጣው ዓሣ በወንዞቹ አፍ ላይ ተጨናንቆ ይያዛል። የመጀመሪያው መዝገብ ባይኖር «ዘንድሮ ዓሣው ጠፋ» ተብሎ በየዓመቱ ይታለፍ ነበር። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ የናይል ፐርች ከገባ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ዓሦች አለቁ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ስም እንኳ ሳይወጣላቸው ነው። ይህ ከማንኛውም የገበያ ኪሳራ በላይ ያሳዝነኛል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም ስም እንዲያወጣላቸው የቀረቡት እንስሳት፣ አራዊትና ወፎች ናቸው፤ ዓሦች በዝርዝሩ የሉም። ያኔ ያልተሰጠ ስም ዛሬም ሳይሰጥ ፍጡሩ ቢጠፋ፣ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅለት እንኳ አይኖርም።

ፈጣሪ ይመግባል፣ ለምን እንጨነቃለን የሚል ወገንም አለ። ሪዝቅ፣ ማለትም ሲሳይ፣ ከአላህ ነው፤ ክርስቲያኑም የዕለት እንጀራ ከላይ ነው ይላል። እስማማለሁ። ግን ሪዝቅ ለሰው ብቻ የተቆረጠ አይደለም፤ በሱረቱ ሁድ በምድር ላይ የሚንቀሳቀስ ፍጡር ሁሉ ምግቡ በአላህ ላይ እንደሆነ ተነግሯል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 የመጀመሪያውን የመባዛት በረከት የተቀበሉት የባሕር ፍጥረታትና ወፎች ናቸው፤ ሰው የተባረከው ከእነርሱ በኋላ ነው፣ ግዛትም የተሰጠው አስቀድሞ በተባረከ ነገር ላይ ነው። ያንን በረከት የሚያስቀር አገዛዝ ከተሰጠው ሥልጣን ወጥቷል። ደግሞም እምነት ከቆጠራ ጋር አይጣላም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ደቀ መዛሙርቱ በጌታ ቃል የያዙት ዓሣ ተአምር ሳለ ተቆጥሯል፤ 153 ነበር፣ መረቡም አልተቀደደም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የድሃው ተቃውሞ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በተለይ የጉሙዝ ወገኖች፣ ውኃው እንዳይደርስባቸው ከቀያቸው ተነሥተዋል። ሲያድኑበትና ዓሣ ሲያሠግሩበት የኖሩት ወንዝ ሰምጧል። ለእነርሱ «ቆጥረን እስክንጨርስ ጠብቁ» ማለት ሁለተኛ በደል ነው። ስለዚህ ቆጠራው ማሥገርን የሚቀድም እገዳ መሆን የለበትም፤ ከማሥገር ጋር አብሮ የሚሄድ መሆን አለበት። በየወደቡ የሚወርደው ዓሣ በዝርያና በርዝመት ቢመዘገብ፣ ያው መረብ ያበላል፣ ያው መረብ ይቆጥራል። ከዚህም በላይ የተነሡት ሰዎች የሚያውቁት ነገር ሌላ ቦታ አይገኝም። ከግድቡ በፊት በለስና ዳቡስ ከዓባይ ጋር በሚገናኙባቸው ቦታዎች በየትኛው ወር የትኛው ዓሣ እንደሚወጣ የሚናገሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወንዙ ተመልሶ አይታይምና ትዝታቸው ሳይጻፍ ካለፈ የመነሻው መዝገብ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲና በሰበታ የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠንካራ ባለሙያ ቢያሰማሩ እንኳ ይህን ብቻቸውን አይሞሉትም። ቆጠራው ግምት እንጂ ልክ አይደለም የሚለው ተቃውሞ በአንጻሩ ብዙ አያስቸግረኝም። ዓይኑ የተለያየ መረብ ማሳደር፣ በድምፅ ሞገድ መለካት፣ ምልክት አድርጎ ለቅቆ እንደገና መያዝ፣ ሁሉም ግምት ይሰጣሉ፤ ነገር ግን በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መንገድ የተወሰደ ግምት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሄዱን በእርግጥ ያሳያል፣ የሚፈለገውም እርሱ ነው። ለቆጠራ የሚሞት ዓሣ መኖሩም እውነት ነው፤ ስለዚህም ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ በከንቱ መግደል ይሆናል።

ታዲያ ቆጠራው ማንን ይሰር? የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። አሥጋሪውን ብቻ የሚያስር ቆጠራ ግን ግማሽ ነው፣ ፍርዱም በደካማው ላይ ይወድቃል። የውኃውን ከፍታ የሚወስነው የኃይል ማመንጫው ነው፤ ቆሮሶው በዳርቻ በሚራባበት ጊዜ ውኃው በድንገት ቢወርድ የሚደርሰውን ጉዳት ቆጠራው ካሳየ፣ ያ ውጤት በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ከሜጋ ዋቱ ጎን መቀመጥ አለበት። ኃይል ይቁም አልልም፤ አገር ለብርሃን ስትል ከፍላበታለች። ውሳኔው ግን ዋጋውን እያየ ይወሰን። አሥጋሪው በበኩሉ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ስለ ወፍ ጎጆ የታዘዘውን ይስማ፤ ጫጩቶቹን የወሰደ እናቲቱን ይለቃል። በንጋት ላይ የዚህ ትእዛዝ ቦታው የታወቀ ነው፦ የበለስና የዳቡስ አፍ፣ ክረምት ሲገባ፣ ዓሣው ዕንቁላሉን ይዞ ሽቅብ በሚወጣባቸው ሳምንታት። የትኞቹ ሳምንታት እንደሆኑ በቆጠራ ይታወቅ፤ በእነዚያ ሳምንታት መረብ አይጣል፤ አሥጋሪውም በእነዚያ ሳምንታት የሚበላው ከወዲሁ በበጀት ይያዝለት።