ምስክሩ የኛ ወገን ሲሆንስ?

አማኑኤል ሳድግ አንዱን ታሪክ በሁለት ቤት እሰማ ነበር። ክርስቲያን ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ የፈረሰ የድንጋይ ካብ ባዩ ቁጥር «ይሄ የግራኝ ሥራ ነው» ይላሉ። አባቴ ጉርብትናውን አክብረው በፊታቸው ዝም ይሉና ቤት ስንገባ «ሁሉም የጠላት ወሬ ነው» ይሉናል። ሁለቱም መጽሐፍ ገልጠው አላዩም፤ ሁለቱም ግን እርግጠኞች ነበሩ። አሁን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ኢማሙ ቤተ ክርስቲያን አቃጥለዋል ወይ?» ሲለኝ የማንን መልስ ልስጠው?

ኢማም አህመድ ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል አድርገው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ወደቁ። ስለዚህ ጦርነት የጻፉልን ሁሉ ወገን ነበራቸው። የአፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል ጸሐፊ የንጉሡ ሰው ነው። ካስታኞዞ ለንጉሡ ሊዋጉ በ1541 ምጽዋ ከወረዱት 400 ያህል ፖርቱጋላውያን አንዱ ነው። «ፉቱሕ አል-ሐበሻ»ን የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ደግሞ የኢማሙ አድናቂ ነው።

ታዲያ ሁሉንም እንጣል? የሐዲሥ ሊቃውንት እንዲህ አላደረጉም። ብዙዎቹ እውነተኛነቱ የታወቀን አስተላላፊ የአመለካከት ስህተት ቢኖርበትም እንኳ ተቀብለውታል፤ ዘገባው ለዝንባሌው ሲያደላ ግን ተጠንቅቀዋል። በዚህ ሚዛን ካስታኞዞ አዛዡ ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ በ1542 ተሸንፎ መገደሉን ሲነግረን እናምነዋለን፤ የጠላቱን ሠራዊት ብዛት ሲቆጥር ግን እንጠራጠራለን። የዐረብ ፈቂህንም የድል ቁጥሮች እንደዚሁ።

ደብረ ሊባኖስ በ1531 መቃጠሉን የሚተርክልን ግን ፉቱሕ ራሱ ነው። ለጸሐፊው ይህ ነውር ሳይሆን ክብር ስለነበር አጋኖት ይሆናል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የገዳሙም ወገን ይህንኑ ይላል። ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች በአንድ ነገር ሲስማሙ «የጠላት ወሬ» ማለት አይቻልም።

የጎረቤታችንም ቃል ይመዘን። ሶዶ ውስጥ ያሉት የጢያ ትክል ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ይባላሉ። የቆሙት ግን ኢማሙ ሳይወለዱ ነው። የፈረሰና የወደቀ ሁሉ የእርሳቸው ሥራ አይደለም።

«ይህን ማመን በዱላችን መመታት ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ስጋታቸው ከሜዳ አልመጣም፤ በንጉሡ ዘመን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባልን እንደ እንግዳ ስንቆጠር ይህ ታሪክ መክሰሻ ሆኖ አገልግሏል። ይሁን እንጂ የዚያ በሽታ መድኃኒቱ ክህደት አይደለም። ማንም የሌላውን ኃጢአት እንደማይሸከም ቁርኣን ያስተምረናል፤ የ1531 እሳት የዛሬ ሙስሊም ዕዳ አይደለም። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ተገደው ክርስትና መነሳታቸውን ክርስቲያን ወንድማችን እንዲያምንልን እንሻለን። ታዲያ እኛ ደብረ ሊባኖስን እየካድን በየትኛው አፋችን እንጠይቀው? በራሳችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር የታዘዝን ሕዝቦች ነን።

ለልጄ «አዎ፣ አቃጥለዋል» አልኩት። ቀጥዬም «ሁሉን ግን እርሳቸው አላፈረሱም፤ አንተም ተጠያቂ አይደለህም» አልኩት። አባቴ በሕይወት ቢኖሩ መልሴ ይከብዳቸው ነበር። ግን በጎረቤታችን ፊት ዝም ማለት አያስፈልጋቸውም ነበር።