የታንኳ ሠሪው ክብር

ወጣቶች ሆይ! በባሕር ዳር ከተማ ጥግ፥ ጣና ጸጥ ባለ ጊዜ፥ ታንኳ ሲቀዘፍ ማየት ደስ ያሰኛል። ታንኳው የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ታጭዶ፥ ደርቆ፥ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ውሃ ስለሚጠጣም ከጉዞ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል። በዚህ ጥበብ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ዳሩ ግን በታንኳቸው የሚጠቀመው ጎረቤት ለብዙ ዘመን ናቃቸው፤ ማዕድም ከለከላቸው።

ተማሪዎቼን «ሥራውን የሚወድ ሠሪውን ሊንቅ ይገባዋልን?» ብዬ በጠየቅሁ ጊዜ፥ አንዱ «ዋጋውን የከፈለ ሰው ዕዳ የለበትም» አለኝ። እኔ ግን እላለሁ፤ ዋጋ የዕቃው ነው፥ ክብር የሰውየው ነው፤ አንዱ በሌላው አይተካም።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. በጣና ደንገል የተሠራ ጀልባ ይዞ አትላንቲክን ሊሻገር ተነሣ፤ ጀልባው ግን ከመድረሱ በፊት ተጎዳ። በ1962 ዓ.ም. ሌላ የደንገል ጀልባ ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ፤ ዓለምም አደነቀ። ታዲያ የጣናው ሠሪ ክብር በመጀመሪያው ዓመት ጎደለን? በሁለተኛውስ ጨመረን? አይደለም። ሰው የሚከበረው ሰው በመሆኑ ነው እንጂ ባዕድ ስላደነቀው አይደለም።

እንግዲህ በታንኳ የምትዝናኑ ልጆቼ፥ የሠሪውን ስም ጠይቁ፤ በማዕዳችሁም ቦታ ስጡት።